ቅኔ ቤት የቆየ ጆሮ ስቱዲዮ ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ የ23 ዓመት ወጣት ከደብረ ማርቆስ ጽፎልኛል። በልጅነቱ ቢቸና አካባቢ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል። ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ተመልሶ ዘንድሮ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአይቲ ተመርቋል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ትንሽ የሙዚቃ ስቱዲዮ ከመስከረም ጀምሮ ለሦስት ወር ያለ ደመወዝ ሊያለማምደው ተስማምቷል። «መሣሪያ አልጫወትም። ሶፍትዌሩንም ያየሁት በስልኬ ዩቲዩብ ላይ ነው። ቅኔ ቤት የፈጀሁት ጊዜ ለዚህ አይረባኝም። ታዲያ ምን ይዤ ነው የምገባው?» ይላል። አባቱ ነገሩን አልወደዱትም። ላፕቶፕ ልግዛ ወይ የሚል ጥያቄም አለው።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ተናድጄ ነው። ያናደደኝ «አይረባኝም» ያልከው ነው።

እስኪ «አለ» የሚለውን ቃል ጮክ ብለህ በል። «ለ»ን ስታጠብቀው ሰውዬው ቤቱ አለ። ስታላላው ሰውዬው ተናገረ። «ገና»ም እንደዚሁ ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ያልደረሰው። ፊደሉ ያው ነው። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ስንት እንደቆየህ ብቻ ነው። አሁን አንድ አቀናባሪ አስብ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ደክሞታል። ዘፋኟ ከምቱ ትንሽ ዘግይታበታለች። ከቃሏ መሀል ቅንጣት ያህል ቆርጦ ያስገጥመዋል። ምቱ ገጠመ። ግን «ልቤ ውስጥ አለ» ብላ የዘፈነችለት ሰው ልቧ ውስጥ መኖሩ ቀርቶ ወሬ ጀመረ! ስክሪኑ ይህን አያሳይህም። የሚይዘው ጆሮ ነው።

አንተን ከንባብ ቤት ጀምሮ የግእዝ ቃል የሚነበብባቸውን ስልቶች፣ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያሉ ጆሮህን ሲገርፉህ ኖረዋል። የጎጃም ግጥም ደግሞ ሰምና ወርቁን የሚደብቀው እዚያው መጥበቅና መላላቱ ላይ፣ ትንፋሹ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ከኋላ ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቃሉ ተቀየረ መሰለኝ» የሚል ልጅ ያለው ስቱዲዮ ስንት ጊዜ ከውርደት እንደሚድን አታውቅም። በርግጥ አባባሉን ማወቅ ይጠይቃል። ዘፋኟ እየሰማች አይባልም። እረፍት ሲወጡ ነው።

ዝምታም ተምረሃል። መምህሩ ሲቀኙ ጆሮህን አቁመህ፣ ከአፋቸው ተቀብለህ በቃልህ ይዘህ ኖረሃል። ስቱዲዮ ውስጥ ጀማሪን የሚያስባርረው አለማወቁ አይደለም። አፉ ነው። ዘፋኙ አምስተኛ ቴክ (አምስተኛ የቀረጻ ሙከራ) ላይ ተጨንቆ ሳለ «ሁለተኛው ይሻል ነበር» ብሎ ጣልቃ የገባ ልጅ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ አላየሁትም።

እኔ ራሴ የጀመርኩት ባሕር ዳር ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ዘንድ ስፒከር በመሸከም ነው። ከዚያ አንድ ስቱዲዮ ገባሁ። በገባሁ በሁለተኛው ወር ከሞጣ አካባቢ አንድ ማሲንቆ የሚመቱ አባት መጡ። ከአውቶብስ ወርደው ቀጥታ ነው የመጡት፤ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ማይኩን አስተካከልኩ፣ አቀናባሪው ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እሳቸው ክሩን ሲያጠብቁ፣ ሲያላሉ፣ ሲሞክሩት ቆዩ። ሊቃኙ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሙከራው ሳላስበው ትዝታ ሆነ። አራት ደቂቃ ገደማ መቱ። ድምፃቸውንም ጨመሩበት። እኔ በሩን ተደግፌ እሰማለሁ። ሲጨርሱ ቀና ብለው «ተቀዳ?» አሉኝ።

አልተቀዳም። ደግመው መቱ፤ ያችኛዋ ግን አልተመለሰችም።

አንድ ማይክ በ24 ቢት በ48 ኪሎኸርዝ ጥራት ሲቀዳ ለደቂቃ 9 ሜጋባይት አይሞላም። አራት ደቂቃው ከስልክህ ጥቂት ፎቶዎች አይበልጥም ነበር። ባለሙያው ከተቀመጠ ጀምሮ ይቀዳ። የማይረባው በኋላ ይጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ግን «ከአሁኑ ልቅዳ?» ብለህ ጠይቅ፤ የሰው ቤት ነው።

ሌላው የሚያስከብርህ የፋይል ጠባይ ነው። አይቲ ተምረሃልና እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ትቀድማለህ። እኔ አንድ ጊዜ ጥር 4 የቀዳነውን «05-04» ብዬ ሰየምኩት። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ጃንዋሪ 12 ነው ይላል። አቀናባሪው ቀኑ ተምታቶበት ከሳምንት በኋላ የከፈተው ሌላ ፎልደር፣ የልምምዱን ነበር። በእሱ ላይ ሁለት ቀን ሠራ። የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም። የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ስም፣ ቴክ ስንት እንደሆነ ጻፍ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጀመሪያውኑ ተስማሙ። ማታ ሳትወጣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ። መብራት ሳይታሰብ ይሄዳልና በየመሀሉ ሴቭ ማድረግ የአንተ ሥራ ይሁን።

ገመድ መጠቅለልን አትናቅ። ክንድህ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ከጠመጠምከው ውስጡ ይጣመማል፣ ውሎ አድሮ ይበጠሳል። አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያዞርክ ጠቅልል። ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በገመዱ በኩል የሚላክለት 48 ቮልት ይፈልጋል። የዚህን ቮልት ማብሪያ ስትጫን የዘፋኙ የጆሮ ማዳመጫ ክፍት ከሆነ ጆሮው ላይ ይፈነዳበታል፤ አስቀድመህ ድምፁን ዝጋ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ገና አይወጣም። ትንንሽ ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ወጣ ብሎ ሰማዩን የሚያይ ልጅ ወርቅ ነው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ አላየሁም።

አባትህ «ቤተ ክህነት ያደገ ልጅ የአዝማሪ ገመድ ተሸካሚ ሊሆን ነው?» አሉ ብለሃል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን አልቀበልም። ሠርጋችን ላይ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር እንለጥፋለን። በማግስቱ ልጃችን አጠገቡ እንዳይቆም እንከለክላለን። እሳቸው ቤት የሚሰሙት መዝሙርስ የተቀዳው የት መሰላቸው? ተጣልተህ አትውጣ። አንድ ቀን መዝሙር ሲቀዳ ውሰዳቸውና ከኋላ አስቀምጣቸው።

ያለ ደመወዝ ስለመሥራት። ባሕር ዳር ዘመድ ቤት የምታድር ከሆነ ሂድ። ተበድረህ ቤት የምትከራይ ከሆነ አትሂድ፤ ሦስት ወር በዕዳ ጆሮ አይሰላም። ቢያንስ ምሳና ትራንስፖርት ጠይቅ። ማፈር የለብህም። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ደግሞ «ትንሽ ታገስ» ካሉህ አመስግነህ ውጣ። እኔ በነፃ 11 ወር ቆይቻለሁ። ያኔ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ፍርሃት ነው።

ላፕቶፑን አሁን አትግዛ። ስቱዲዮው በምን ሶፍትዌር እንደሚሠራ፣ ያ ሶፍትዌር ምን ዓይነት ማሽን እንደሚፈልግ ገና አታውቅም። ገንዘቡ ይቆይ። ጆሮን ድፍን አድርጎ የሚሸፍን አንድ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ግዛና እስከ መስከረም የምትወዳቸውን ዘፈኖች በእሱ ስማ። የት ላይ ትንፋሽ እንደተቆረጠ እየፈለግክ ስማ።