መልስ፦ ሴሚኖልስ ስሙን ይዞ ሲቀጥል ፋይቲንግ ሱ ለምን ቀረ?

የአሜሪካው ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ሴሚኖልስ» የሚለውን የስፖርት ቡድኖቹን ስም ይዞ ሲቀጥል የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ «ፋይቲንግ ሱ»ን ለምን ተወ ላልከው፣ ልዩነቱ የባለ ስሞቹ፣ ማለትም ስሞቹ የተወሰዱባቸው የአሜሪካ ነባር ጎሳዎች፣ ፈቃድ ነው። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ በ2005 እ.ኤ.አ. ስሞቹን ጨርሶ አልከለከለም፤ የከለከለው በሻምፒዮና ውድድሮቹ ላይ እንዲህ ያለ ስምና ምልክት ያለበት ማልያ ለብሶ መግባትን ነው። የፍሎሪዳ ሴሚኖል ጎሳ ምክር ቤት ስለደገፈው ፍሎሪዳ ስቴት ከደንቡ ነጻ ወጣ። ኖርዝ ዳኮታ ግን ማኅበሩን ከሶ በ2007 ሲስማማ የሁለቱን የሱ ጎሳዎች፣ የስፒሪት ሌክንም የስታንዲንግ ሮክንም፣ ፈቃድ እንዲያመጣ ተወሰነ። ስፒሪት ሌክ በ2009 ድምፅ ሰጥቶ ደገፈ፤ ስታንዲንግ ሮክ ፈቃዱን አልሰጠም። ነገሩ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። በ2012 የግዛቱ መራጮች ስሙ እንዲነሳ መንገዱን ከፈቱ፤ በ2015 «ፋይቲንግ ሆክስ» ተተካ። በእኔ እምነት የሁለቱም ፈቃድ መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ የአንዱ ጎሳ እሺታ ሌላውን አያስርም።