ኮሎኖስኮፒው ቁስሉ ድኗል ካለ በኋላም ሥራ መዋል ሲያቅት

ውድ ጠያቂያችን፣ አንጀትዎ መዳኑ በኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ በሚያይ ምርመራ) ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ የሥራ ቀንዎን መጨረስ እንዳቃተዎ ገልጸው፣ «ይህ ሕመም ነው ወይስ ስንፍና?» ብለው ጠይቀዋል። ስንፍና አይደለም። አንጀትን እያስቆጣ ከሚያቆስለው የክሮንስ ሕመም ጋር 11 ዓመት ኖሬአለሁ፤ ይህንኑ ጥያቄም ለማንም ሳልናገር ለረጅም ጊዜ ራሴን ስጠይቅ ቆይቻለሁ።

የአንጀት ብግነት መብረዱና የታማሚው ኑሮ ወደ ቦታው መመለሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው አመዳደብ አካል ጉዳትን የሚመዝነው በሰውነት ጉድለት ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው መሥራትና ከሰው ጋር መዋል መቻሉን፣ አካባቢውም ያግዘው ወይም ያሰናክለው እንደሆነ በማየት ጭምር ነው። ለእኛ ሕመም የተዘጋጀው የአካል ጉዳት መለኪያም የተቀዳው ከዚሁ ነው።

የአንጀት ብግነትን የሚያሳየው የሰገራ ካልፕሮቴክቲን ውጤቴ ዝቅ ባለበት ወቅት እንኳ፣ ደረጃ ስወጣ እኩሌታው ላይ መደገፊያውን ይዤ እቆም ነበር። ስብሰባ ሲኖር ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር እንዳይያዝብኝ ቀድሜ እገባለሁ፤ ቅያሪ ልብስም ከቦርሳዬ አይጠፋም። ሐኪሜ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጸዳዳ ሲጠይቁኝ «ሁለቴ» እላለሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቴ የሆነው ከቤት ከመውጣቴ በፊት እህል ስለማልቀምስ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ይህን ዝምታዬን ዛሬም እቆጭበታለሁ።

በመጨረሻ ስናገር ደሜ በድጋሚ ተመረመረ። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጥበት የትንሹ አንጀቴ መጨረሻ ክፍል በቀዶ ጥገና ተቆርጦ ስለነበር፣ ቫይታሚኑ አንሶ ተገኘ፤ ብረቱም እንዲሁ አንሶ ነበር። መርፌውና ብረቱ ደረጃውን ሳልቆም እንድወጣ ቢያስችሉኝም፣ ሰገራ ያጣድፈኛል የሚለው ስጋት ግን በመድኃኒት አልለቀቀኝም፤ እርሱን ያቀለለልኝ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ያደረግሁት ተከታታይ ውይይትና፣ አለቃዬ ለመጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ወደሆነ ክፍል እንዲያዛውሩኝ መጠየቄ ነው።

አይቢዲ ዲስክ የሚባል (አይቢዲ የአንጀት ብግነት ሕመሞች የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው)፣ ታማሚው ራሱ የሚሞላው መጠይቅ አለ። እንቅልፍን፣ ጉልበትን፣ ስሜትን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን፣ ሥራንና የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ጨምሮ 10 ጉዳዮችን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 10 ያስመዝናል። ከቀጠሮዎ በፊት ሞልተው ይውሰዱት። ሐኪምዎን ያስቸገሩ አይምሰልዎ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ስትራይድ 2 የተሰኘው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ምክረ ሐሳብ የኑሮ ጥራትን መመለስንና ከአካል ጉዳት ነጻ መሆንን ከሕክምናው የረጅም ጊዜ ግቦች መካከል አስፍሯቸዋል።

መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። የደም ማነስ፣ የብረት ክምችትና የቢ12 ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ደህና ሆነው ለመዋል ሲሉ የተዉትን ነገር ሁሉ፣ ያልበሉትን ምግብና የቀሩበትን ጉዞ ሳይቀር፣ በወረቀት ላይ ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ።