ቡድን ለምትመሩ፦ ጥያቄና መልስ

ቡድን መምራት የጀመራችሁ ሰዎች ጥያቄ አብዝታችኋል። አንዳንዱን ባጭሩ፣ አንዳንዱን ረዘም አድርጌ እየመለስኩ ልሂድ።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለ?» ስል ሁሉም ዝም ይላል። ሲያልቅ ግን ኮሪደር ላይ ወሬው ይደራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሐሳብ አጥተው አይደለም፤ የኮሪደሩ ወሬ ምስክር ነው። ሰው የሚያየው መጥፎ ዜና ይዞ የመጣው ባልደረባው ምን እንደደረሰበት ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ በደንብ የሚመሩት ላይ የበለጠ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ተመዝግቦ አገኘች። የደረሰችበት ማብራሪያ፣ ይበልጥ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ «ጥያቄ አለ?» የሚለውን ተወው። «ይሄ እቅድ የቱ ጋ ሊበላሽብን ይችላል?» በልና ዝም በል። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ግን ቻለው። አንዱ ደፍሮ «በቀኑ አንደርስም» ካለ፣ ከአፍህ ቀድሞ የሚወጣው «እንዴት ተደርጎ!» ሳይሆን «ቀድመህ መናገርህ ጥሩ ነው፤ ምን ብንቀንስ እንደርሳለን?» ይሁን። ሌሎቹ ያኔ የሚያዩት ያንተን ፊት ነው።

ጥያቄ፦ ሥራው ዘገየብኝ። ሰው ልጨምር?

መልስ፦ አትቸኩል። 5 ሰዎች መካከል 10 የሁለት ለሁለት ግንኙነት አለ፤ 10 ሲሆኑ 45 ይሆናል። ያ ሁሉ መነጋገርና መጠባበቅ ነው። አዲሱን ሰው የሚያለማምደውም ያው ሥራ የበዛበት ጎበዝ ልጅ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሪንገልማን ሰዎችን ገመድ ሲያስጎትት፣ ጎታቹ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንስ ነበር። አንዱ ምክንያት ሁሉም በአንድ ቅጽበት አለመሳባቸው ነው፤ «ሌላው አለ» ብሎ መዘናጋትም እንዳለበት በኋላ የመጡ ጥናቶች አሳይተዋል። መጀመሪያ ከዝርዝሩ ላይ ሊቀር የሚችል ሥራ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ትናንት እኩያቸው ነበርኩ፣ ዛሬ አለቃቸው ሆንኩ። አንዱ ጓደኛዬ ሥራ ያዘገያል፤ መናገር ከበደኝ።

መልስ፦ እውነትሽን ነው፣ ይከብዳል። ግን ዝም ባልሽ ቁጥር ሸክሙ የሚያርፈው በሰዓቱ በምታስረክበው ልጅ ላይ ነው፤ እሷም ታዝባ ታዝባ አንድ ቀን ሥራውን ትለቃለች። ለብቻው አናግሪው፣ ሰው ፊት በፍጹም። «ሰነፍክ» አትበዪው። የሆነውን ንገሪው፦ «ሪፖርቱ ሐሙስ ይደርሳል ተባብለን ነበር፣ የመጣው ሰኞ ነው፣ ቅዳሜን እሷ ሠርታ ሸፈነችልህ።» ከዚያ አዳምጪ። ቤቱ የከበደ ነገር ገጥሞት ይሆናል፣ ወይም ሥራው ራሱ አልገባው ይሆናል፤ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

ጥያቄ፦ አብሮ መዝናናት ቡድን ይገነባል?

መልስ፦ ደስ ይላል፣ አድርጉት። የሥራ ድርሻ ያልተለየበትን ቡድን ግን አያስተካክልም።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ጎበዞቼ ሁሌ ይጋጫሉ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጣጣው ጠባይ ሳይሆን ወሰን ነው። በየትኛው ጉዳይ የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነ ሁለቱም ባሉበት ጻፈው። ጠቡ ከዚያም በኋላ ከቀጠለ ምን ላይ እንደተጣሉ በዝርዝር ጻፍልኝና እናየዋለን።