የልጆቻችንን የአባት ወገን ከ1870 በላይ እንዴት እንቁጠር?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አትላንታ ነው። ባለቤቴ የጆርጂያ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልጆቻችን በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያት በላይ የሚያውቅ የለም። የባለቤቴ አያት በ1925 ካምቤል ካውንቲ (በግዛቱ ሥር ያለ የአስተዳደር ወረዳ) እንደተወለዱ ይነገራል፤ ካርታ ላይ ግን እንዲህ የሚባል ካውንቲ አጣን። ከየት እንጀምር? (እናት፣ ከአትላንታ)

መልስ፦ ካውንቲው ነበረ። በ1828 ተመሥርቶ በ1932 ከፉልተን ካውንቲ ጋር ተቀላቀለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ አያትየው ከቀያቸው ንቅንቅ ባይሉም እንኳ በ1930ው የሕዝብ ቆጠራ ካምቤል፣ በ1940ው ፉልተን ሥር ነው የምታገኟቸው። ከካምቤል ተቆርጦ በጥቅምት 1870 የተመሠረተ ዳግላስ የሚባል ካውንቲም አለ። በ1870 ካምቤል ያገኛችሁት ሰው በ1880 ከጠፋባችሁ፣ ሞተ ወይም ተሰደደ ከማለታችሁ በፊት ዳግላስን እዩ። መዝገብ የሚቀመጠው በጊዜው በነበረው ካውንቲ ስም ስለሆነ፣ የየዘመኑን ወሰን የሚያሳይ ካርታ ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙ።

አካሄዱ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። የቆጠራ መዝገብ ለ72 ዓመት ተዘግቶ ስለሚቆይ ለሕዝብ ከተከፈቱት የቅርቡ የ1950ው ነው። ከዚያ አሥር አሥር ዓመት ወደ ኋላ ሂዱና 1900 ላይ ረጋ በሉ። የዚያ ዓመት ቅጽ የልደት ወርና ዓመት፣ በትዳር የቆዩበትን ዘመን፣ እናትየዋ ስንት ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ይጠይቃል። ስድስት ወልዳ አራት አሉ ከተባለና ቤቱ ውስጥ የተመዘገቡት ሦስት ከሆኑ፣ ሌላ ቤት የሚኖር አንድ ልጅ አለ፤ እሱንም ፈልጉት።

የ1890ው መዝገብ በ1921 ዋሽንግተን ላይ በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል። ከ1900 ወደ 1880 ስትሻገሩ ሃያ ዓመት ባዶ ነው፤ ብዙ ሰው የሌላ ቤተሰብ ዘር ይዞ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱን በካውንቲው የግብርና የጋብቻ መዝገብ ሙሉት፤ የጥቁሮች ጋብቻ ብዙ ጊዜ በተለየ ጥራዝ ነው የተጻፈው።

ጆርጂያ በመላው ግዛት የሞት ምስክር ወረቀት መመዝገብ የጀመረችው በ1919 ነው። ወረቀቱ ላይ የሟቹ እናትና አባት ስም አለ፤ ስሙን የሰጠው ግን ሟቹ አይደለም። ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ እዩ፤ አማች ከሆነ የሟቹን እናት ስም ሊስት ይችላል። ከ1936 ወዲህ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት የጡረታ ዋስትና) ካርድ የተሞላው ማመልከቻ የተሻለ እምነት ይጣልበታል፤ የወላጆቹን ስም፣ እናትየዋ ከማግባቷ በፊት የነበራትንም ጭምር፣ የሰጠው አመልካቹ ራሱ ነውና።

ጥያቄ፦ 1870 ላይ ደርሰናል፤ ከዚያ በፊት ግን ስማቸው የትም የለም።

መልስ፦ በባርነት የነበሩት በአጠቃላይ በየስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። በ1850ና በ1860 በጌታው ስም ሥር ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው የተጻፈላቸው። «የ26 ዓመት ሴት አገኘን፣ እሷው ናት» ማለት ማስረጃ አይሆንም። የ1870ው ቅጽ ራሱ ዝምድና አይጠይቅም፤ ያ ዓምድ የገባው በ1880 ነው። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ወንድና ሴት ባልና ሚስት ሳይሆኑ እህትና ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ። ዕድሜም አምስትና ስድስት ዓመት ወዲህ ወዲያ ይላል።

መሻገሪያው ጎረቤት ነው። የ1870ው ገጽ 40 መስመር አለው። የእናንተን ሰዎች ብቻ ሳይሆን ሙሉ ገጹን፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሁለት ሁለት ገጾችም ቅዱ። በርከት ያለ መሬት ያላቸውን ነጭ ባለርስቶች ለዩ፤ የቀድሞው ጌታ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ ስማቸው ከእናንተ ጋር አንድ ካልሆነ አትለፏቸው። ነጻ የወጡት ሁሉ የመጨረሻውን ጌታ ስም አልያዙም፤ የቀድሞ ጌታ ስም የያዙ፣ ራሳቸው የመረጡም አሉ።

ከዚያ የእነዚያን ባለርስቶች ኑዛዜና የሟች ንብረት ቆጠራ በካውንቲው የውርስ ፍርድ ቤት መዝገብ ፈልጉ። በቅሎ፣ ማረሻና በርሜል በተዘረዘረበት ገጽ ላይ የእናት ስም፣ ከሥሯ የልጆቿ፣ በየስሙ አንጻር ዋጋ በዶላር ታገኛላችሁ። ለልጆች ከማሳየታችሁ በፊት እናንተ ሁለታችሁ አንብቡት፤ ያማል። አንድ «ሜሪ» ምንም አያረጋግጥም። በ1858 የተጻፉ እናትና ሦስት ልጆች በ1870 በዚያው የዕድሜ ቅደም ተከተል፣ 12 ዓመት ገደማ ጨምረው አብረው ከተገኙ ግን ጠንካራ ማስረጃ ነው። በባለርስቱ ስም ካጣችሁ የሚስቱን አባት ኑዛዜ እዩ፤ ባሮች በሴት ልጅ ውርስ ከሌላ ካውንቲ መምጣታቸው የተለመደ ነበር።

በመሃል ያሉትን ዓመታት የሚያገናኙ መዝገቦችም አሉ። በ1867 የጀመረው የመራጮች ምዝገባ 21 ዓመት የሞላቸውን ጥቁር ወንዶች ይዟል። ነጻ ለወጡት በ1865 የተቋቋመው ፍሪድመንስ ቢሮ የሥራ ውሎች አሉት። እስከ 1874 የቆየውና በአትላንታ፣ በኦገስታና በሳቫና ቅርንጫፍ የነበረው የፍሪድመንስ ባንክ (ነጻ የወጡት ገንዘብ የሚያስቀምጡበት) ደግሞ የትውልድ ቦታን፣ የወላጅንና የወንድም እህትን ስም፣ አንዳንዴም የቀድሞውን ጌታ መዝግቧል። ብዙው ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። ለቀረው የጆርጂያ ቤተ መዛግብትና የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት የአትላንታ ቅርንጫፍ ሞሮ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው።

ጥያቄ፦ የባለቤቴን አክስት ስለ ባርነት መጠየቅ ከበደኝ።

መልስ፦ ከባርነት አትጀምሩ። በቤታቸው ያስቀመጡትን፣ በቀብር ቀን ለለቀስተኛ የሚታደለውን ስለ ሟቹ የተጻፈ ወረቀት እንዲያሳዩዎት ይለምኗቸው፤ የደቡብ ጥቁር ቤተሰቦች አይጥሉትም፤ የሟቹ ወላጆች፣ እህት ወንድሞች፣ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር እዚያ ላይ አለ። ፎቶ ይዘው «ይህ ማነው?» ይበሉ። የቤት ስም ሲጠሩልዎት የመዝገብ ስሙንም ይጠይቁ፤ ያለዚያ ቆጠራው ላይ አያገኙትም። ፈቃደኛ ከሆኑ የዘረመል ምርመራው ከልጆቹ ይልቅ ከእሳቸው ይወሰድ፤ ውርሱ በየትውልዱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የሩቁን ዘመድ ፈለግ ልጆቹ ጋ የማይታየውን እሳቸው ጋ ታገኙታላችሁ።