የቢሮ ስልክና 911፦ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ

ሜሪላንድ ነው ያለሁት፤ እንጀራዬ የቢሮ ስልክ መግጠም ነው። እዚህ አሜሪካ ክሊኒክ፣ ሞቴል፣ የሕፃናት ማቆያ የከፈተ ሐበሻ ብዙ ነው። 911 (የአሜሪካ የድንገተኛ እርዳታ ቁጥር) ሲደወል ስልኩ የት እንዳለ ማን እንደሚናገርለት የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሞቴል አለኝ። ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ይጫናል። ለ911ም ያው ነው?

መሆን የለበትም ወንድሜ። ዲሴምበር 2013 ቴክሳስ፣ ማርሻል ከተማ ውስጥ ካሪ ሀንት የምትባል እናት ሞቴል ክፍል ውስጥ ተገደለች። የ9 ዓመት ልጇ 911 አራት ጊዜ ደወለች፤ ግን መጀመሪያ 9 መጫን እንዳለባት አታውቅምና ጥሪው አልወጣላትም። ልጅቷ የተማረችውን በትክክል አድርጋለች፤ ጥፋቱ የስልኩ ነው። በእናቷ ስም የወጣው ሕግ ከፌብሩዋሪ 16፣ 2020 በኋላ የሚገጠም ሲስተም 911ን በቀጥታ እንዲያወጣ ያዛል። 911 ሲደወል ለእንግዳ መቀበያው ወይም ለጥበቃውም ማሳወቅ አለበት። ያንተ አሮጌ ቢሆንም ዛሬውኑ አስተካክለው።

ጥያቄ፦ ሞባይል ያለሁበትን ራሱ ይልክ የለ? የቢሮው ለምን አይልክም?

ሞባይል ጂፒኤስ አለው። የቢሮ ስልክ ግን ገመድ ላይ የተሰካ ዕቃ ነው፤ የሚያውቀው እኛ የመዘገብንለትን አድራሻ ብቻ ነው። ጥሪው ወደየትኛው የ911 ጣቢያ እንደሚሄድ የሚወሰነውም በዚያው ነው። በቅርቡ አንድ ክሊኒክ ገብቼ፣ ሕንፃ ከቀየሩ ወራት አልፈዋል፣ 933 ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ማሽኑ የድሮውን መንገድ ቁጥር አነበበ። እንግዳ ተቀባይዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ። አምቡላንሱ እዚያ ነበር የሚሄደው።

ጥያቄ፦ 933 ምንድን ነው?

ብዙ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶች ያላቸው መሞከሪያ ቁጥር ነው፤ የተመዘገበውን አድራሻ ያነብልሃል። 911ን ራሱን ከጣቢያው ጋር ሳትነጋገር ለሙከራ አትደውል።

ጥያቄ፦ ቢሯችን ስድስት ፎቅ ነው። የመንገዱ አድራሻ አይበቃም?

አይበቃም። ሬይ ባውምስ አክት የሚባለው ሕግ ፎቁንና ክፍሉንም ይፈልጋል። ከቦታው ለማይነቃነቅ ስልክ ከጃንዋሪ 6፣ 2021 ጀምሮ፣ ለሚንቀሳቀሰው ደግሞ ከዓመት በኋላ ሥራ ላይ ውሏል። እኛ የምናደርገው እያንዳንዱን የኔትወርክ ስዊች (የስልኮቹ ገመድ የሚሰካበት ሳጥን) እና ዋይፋይ ከፎቁ ጋር ማያያዝ ነው፤ ስልኩ ቦታ ሲቀይር አድራሻውም አብሮ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ እኔ ከቤት በላፕቶፕ ነው የምደውለው።

እህቴ፣ የቤትሽን አድራሻ አስገቢ፤ ካልሆነ እርዳታው ቢሮ ሄዶ ይፈልግሻል። ጭንቅ ከመጣ ሞባይልሽን አንሺ።

ጥያቄ፦ ማታ የሚያጸዱልኝ እናቶች እንግሊዝኛ ብዙም አይሉም።

የፎቁ ነገር በጣም የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። ብዙ ጣቢያዎች በስልክ አስተርጓሚ ያስገባሉ፤ «አምሃሪክ» ማለት ይልመዱ። ከየስልኩ አጠገብም አድራሻውንና ፎቁን፣ የእንግሊዝኛውን አነባበብ በአማርኛ ፊደል ጽፈህ ለጥፍላቸው።