መልስ፦ ልጄን እንዳላይ ተከልክያለሁ፣ ምን ላድርግ?
ወንድሜ፣ ከተፋታን ወዲህ የቀድሞ ሚስቴ ልጄን አላሳይ አለችኝ፣ የልጁን ቀለብ ላቁም ወይ ላልከው፣ እባክህ እንዳታቆም! ቀለቡ የልጁ ነው የሷ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ስትቀርብም መጀመሪያ የሚነሳብህ እሱ ነው፣ በባንክ አስገባና ደረሰኙን ያዝ።

የቤተሰብ ህጉ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ሲያፋታ ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን ወላጅና ልጅ እንዴት እንደሚገናኙም ይወስናል ይላል፣ ሁኔታው ከተቀየረም እንደገና ይታያል፣ ስለዚህ ውሳኔህን አውጥተህ እየው፣ የመገናኛው ቀን ተጽፎ ከሆነ አፈጻጸም (ውሳኔው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈጸም) ትጠይቃለህ፣ ካልተጻፈ እንዲወሰንልህ አቤቱታ ታስገባለህ። ይሄ ለአዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፣ ክልል ከሆንክ የክልሉን ህግ ጠይቅ።

ከክሱ በፊት ግን እሷ የምታከብረውን ሰው ላክ፣ የነፍስ አባት ይሁን የክርስትና እናቱ፣ አንዳንዴ ችሎት ያቃተውን እነሱ በአንድ ቡና ይጨርሱታል።

ስታገኘው ደግሞ በናትህ እናትህ ናት የከለከለችኝ እንዳትለው። ስድስት አመቱ ነው ብለሃል፣ ቢያፍርህ ቢሸሽህም አትደንግጥ፣ በስጦታ አታጨናንቀው፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን በተባለው ሰአት ተገኝ። ለጠበቃ ካጠረህ የዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ እዛ ሂድ። አይዞህ!