ድብርት ሳይኖርብኝ የድብርት መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። ስታዲየም አካባቢ ቢሮ እሠራለሁ። ሰውነቴ መጥፎ ጠረን ያለው ይመስለኛል። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ከከፈተ ወይ አፍንጫውን ከነካ በእኔ ነው ብዬ እሳቀቃለሁ። እናቴ ምንም አትሸቺም ትለኛለች፤ አላምናትም። የቆዳ ሐኪም መርምሮኝ ምንም ሲያጣብኝ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከኝ። እሱም ፍሉኦክሰቲን አዘዘልኝ። እኔ ግን ድብርት የለብኝም። ልጀምረው?

መልስ፦ ይጀምሩት እላለሁ። ጭንቀትዎ ስም ያለው ሕመም ነው፤ በእንግሊዝኛ “ኦልፋክተሪ ሪፈረንስ ዲስኦርደር” ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መለያ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ የመደበውም ከኦሲዲ ጋር ነው። ኦሲዲ አንድ ሐሳብ አእምሮን ሙጭጭ ብሎ አልለቅ ሲል የሚመጣ ሕመም ነው። ስለዚህ አብደዋል ማለት አይደለም።

መድኃኒቱ የድብርት ይባል እንጂ ለኦሲዲም ይሰጣል። ሽታ አያጠፋም፤ የሚያላላው ሐሳቡን ነው። መስኮት ሲከፈት ያዩታል፣ ግን እንደ ድሮው አያንቀጠቅጥዎትም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ለውጡ በደንብ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ መጠኑም ቀስ እያለ ሊጨመር ይችላል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት “አልሠራልኝም” ብሎ ይተወዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ መድኃኒቱ ገና ሥራ ሳይጀምር ነው የሚጣለው።

መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ጠዋት ቢውጡት ይሻላል። የወሲብ ፍላጎትም ሊቀንስ ይችላል፤ ሳያፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡም እንዲሁ። ሱስ አያስይዝም፤ ግን በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቋርጡት። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን አይተዉ።

ክኒኑ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል የንግግር ሕክምና ካገኙ አብረው ይከታተሉ። እስከዚያው ደጋግሞ መታጠቡን፣ ልብስ ማሽተቱንና ሽቶ መደራረቡን በጥቂቱ ይቀንሱ። እናትዎንም “እሸታለሁ ወይ?” ብለው አይጠይቋቸው። መልሳቸው ለአፍታ ያሳርፍዎትና ጥርጣሬው ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በዚህ ሕመም ተስፋ ቆርጠው ሞትን የሚመኙ አሉ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣብዎት፣ በተለይ መድኃኒቱን በጀመሩባቸው ሳምንታት፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ለቤተሰብ ነግረው በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።